እኔና የጾም ሥጋዬ

በጾም ወቅት ቤቴ ገብቶ ማዕድ የቀረበ ሰው ስለ እንጉዳይ ፕሮቲን ረጅም ንግግር ሳይሰማ ተነሥቶ አያውቅም። እንግዳው የታጠበው እጁ ሳይደርቅለት እጀምራለሁ። «ይኼ የምታዩት» እላለሁ፣ ትሪውን በአገጬ እያመለከትኩ፣ «ሥጋ ነው። ደም የሌለው ሥጋ! ከመቶ ሠላሳው ፕሮቲን፤ ስብ የለ፣ ኮሌስትሮል የለ።» እንግዳው ይጎርሳል፣ እኔ አወራለሁ። ቁጥር የሚጠራ ሰው በአገራችን ብዙም ስለማይጠየቅ ለዓመታት ማንም «ከየት አመጣኸው?» ብሎኝ አያውቅም። እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም።

የንግግሩ ሥር እውቀት አይደለም፤ ሆድ ነው። ረቡዕና ዓርብን፣ ሑዳዴን፣ ነቢያትን፣ ፍልሰታን ደምረን ስናየው ከዓመቱ ግማሽ ያህሉ ጾም ነው። እኔ ደግሞ በዚያ ግማሽ ዓመት ውስጥ በሥጋ ቤት ደጃፍ ሳልፍ አንገቴ በራሱ ፈቃድ የሚዞር ሰው ነኝ። ከጓደኞቼ መካከል በሑዳዴ ፊታቸው የሚያበራ አሉ። የእኔ ፊት የሚያበራው በፋሲካ ሌሊት ነው፤ እሱም ከዶሮ ወጡ በኋላ። እንግዲህ እንዲህ ያለው ሰው አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ምግብ ቤት ገብቶ የእንጉዳይ ጥብስ ሲያዝ፣ መጥበሻው እየተንጫጫ፣ ቃሪያውና የጥብስ ቅጠሉ እየሸተተ ሲቀርብለት ምን ይሰማዋል? ሕግ ሳይጥስ ያመለጠ ይመስለዋል። ለእኔ እንደዚያ ነው የመሰለኝ። ከዚያ ወዲህ እንጉዳይ በልቻለሁ ማለት ይከብደኛል፤ በእንጉዳይ ስም ሥጋ ስበላ ነው የኖርኩት። የፕሮቲኑን ወሬ የጨመርኩት በኋላ ነው፣ ለሆዴ ጠበቃ ሲያስፈልገው።

ጠበቃዬን ያዋረደችብኝ የእህቴ ልጅ ናት። ሥነ ምግብ ታጠናለች። አንድ ዓርብ ምሳ ላይ ንግግሬን በትዕግሥት እስከ መጨረሻው ሰማችና፣ «ጋሼ፣ እሱ እኮ የደረቀው ነው» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ቁጥሩ። ውኃው ሙልጭ ብሎ ከወጣ በኋላ የቀረው ሲመዘን ነው ፕሮቲኑ ከመቶ 20 እና 30 የሚደርሰው። አንተ ደረቁን ነው የምትበላው?»

ደረቁን እንደማልበላ ትሪው ላይ የተንጣለለው መረቅ ይመሰክር ነበር።

ከሱፐርማርኬት የምንገዛው ነጭ እንጉዳይ 92 ከመቶ ያህሉ ውኃ ነው። 100 ግራሙ ውስጥ ያለው ፕሮቲን 3 ግራም ገደማ ነው። በተመሳሳይ ክብደት የበሰለ የበሬ ሥጋ 26 ግራም ያህል አለው። ስለዚህ አንድ መቶ ግራም ሥጋ በእንጉዳይ ልተካ ብል ከ800 ግራም በላይ ጥሬ እንጉዳይ በአንድ ማዕድ መጨረስ ይጠበቅብኛል። (ሞክሬ አላውቅም አልልም።) ይህ ሳያንስ ልጅቱ የምስሩን ድስት አየት አደረገችና ጨመረችበት፦ የበሰለ ምስር በ100 ግራም 9 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። እኔ በእንጉዳይ ተመክቼ ወደ ትሪው ዳር የምገፋው፣ «እሱን ተዉት፣ እሱ ሁልጊዜም አለ» የምለው ምስር ወጥ ከእንጉዳዬ ሦስት እጥፍ ይበልጥ ነበር ማለት ነው። ምስሩን የሠራችው ባለቤቴ ምንም አላለችም። ድስቱን ብቻ ወደ እኔ አስጠጋችው።

ለእንጉዳይ ፍርድ ልስጥና፣ እሱ ስለ ራሱ ዋሽቶ አያውቅም። የዋሸሁለት እኔ ነኝ፤ በሌለው ሳመሰግነው ያለውን ሳላይለት ኖርኩ። 100 ግራም ነጭ እንጉዳይ 22 ካሎሪ ብቻ ነው። ሰው በቀን ከሚያስፈልገው ሪቦፍላቪን፣ ማለትም ቫይታሚን ቢ2፣ ከሩብ የሚበልጠውን ይሰጣል፤ ናያሲኑም አንድ አምስተኛ ገደማ ይሆናል። ከ300 ሚሊ ግራም በላይ ፖታሲየም አለው፤ ሴሊኒየምና መዳብም አያጣም። ወተትና እንቁላል ከማዕድ ሲነሡ አብሮ ከሚነሣው አንዱ ቢ2 ነውና ለጾመኛ ይህ ቀላል ስጦታ አይደለም። ቢ12 ግን አትጠብቁበት፣ እዚህ ግባ የሚባል የለውም። ይህንንም «አለው» ብዬ ለሥራ ባልደረቦቼ አስተምሬአለሁ። አንዱ በማስታወሻ ደብተሩ ጽፎታል።

ከሁሉ የሚገርመኝ የፀሐዩ ነገር ነው። እንጉዳይ ገላው ውስጥ ኤርጎስቴሮል የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያገኘው ወደ ቫይታሚን ዲ2 ይለወጣል። ጨለማ ክፍል ውስጥ አድጎ በላስቲክ ተጠቅልሎ የመጣ እንጉዳይ ቫይታሚን ዲ የለውም ማለት ይቻላል። ቆራርጦ በቀትር ፀሐይ ለሰዓት ያህል ያሰጣው ሰው ግን የዕለት ድርሻውን ሊያገኝበት ይችላል። ለውጡ እንጉዳዩ ከተለቀመ በኋላም ይሠራል። ይህን ካወቅሁ ወዲህ እንጉዳዬን በሰፌድ አድርጌ በረንዳ ላይ አሰጣለሁ፤ ላለፈ ላገደመው ሁሉ ምክንያቱን እያብራራሁ። እኔ ራሴ ግን ጠዋት በታክሲ ቢሮ ገብቼ ማታ በታክሲ የምመለስ፣ ፀሐይን በመስኮት የማውቃት ሰው ነኝ። የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ አገር ውስጥ እየኖርኩ ፀሐይ የሚሞቅልኝ እንጉዳይ ቀጥሬያለሁ። ሐኪም የቫይታሚን ዲ እጥረት አግኝቶብኝ «ውጭ አትወጣም እንዴ?» ሲለኝ፣ «እንጉዳዬን አወጣለሁ» ብዬ መለስኩለት። ቀልድ መስሎት ሳቀ።

ካሎሪው ላይ የሠራሁት ግፍ ከዚህ ይብሳል። 22 ካሎሪ የሚለውን ስሰማ ያረፍኩት ዕረፍት አይነገርም፤ እንግዲህ የፈለግሁትን ያህል ብበላ ማን ይጠይቀኛል? «ስብ የለውም» ተባለ እንጂ «ስብ አይጠጣም» አልተባለም። እንጉዳይ ዘይት ይጠጣል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ ነው፤ እኔ ደግሞ በማንኪያ አልሰፍርም። ከጀሪካኑ ቀጥታ ነው የማንቆረቁረው፣ ያውም ዓይኔን ወደ መስኮቱ አዙሬ፤ ያላየሁትን ዘይት የማይጠይቁኝ ይመስል።

ይህ ነገር የወጣብኝ ራሴ በቆፈርኩት ጉድጓድ ነው። አንድ ቀን እንጉዳይ ከዕፅዋት ይልቅ ለእንስሳት እንደሚቀርብ አነበብኩ። ስዊድናዊው ሊኒየስ ከዕፅዋት ጋር መድቦት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 ዊታከር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ሕይወት ሊቅ ፈንገሶችን ከዕፅዋት ነጥሎ ለብቻቸው አቆማቸው፤ በ1993 ደግሞ የፕሮቲኖቻቸውን አሠራር ያነጻጸሩ ተመራማሪዎች የቅርብ ዘመዶቻቸው እንስሳት መሆናቸውን አሳዩ። ስንቃቸውን የሚያስቀምጡት በስታርች አይደለም፤ እኛ ጉበታችን ውስጥ በምናከማቸው በግላይኮጅን ነው። የሕዋሳቸው ግድግዳም አንበጣና ሸርጣን ከሚለብሱት ከካይቲን የተሠራ ነው። አንብቤ ስጨርስ ላብ አጠመቀኝ። ይህን ሁሉ ዘመን ጾም ስፈታ ኖሬ ይሆን? ሐቀኛ ሰው ቢሆን ሹካውን አስቀምጦ ይሮጥ ነበር። እኔ ትሪውን ጨርሼ ነው ወደ ንስሐ አባቴ የሄድኩት።

አባ ግላይኮጅኑንም ካይቲኑንም ዝም ብለው ሰሙ። አንድ ሳይንሳዊ ቃል ሳላስቀር ነገርኳቸው። የመጣሁት ለኑዛዜ መሆኑን ረስቼ ንግግር እያደረግሁ እንደነበር የገባኝ መሐል ላይ ነው፤ ገብቶኝም አላቆምኩም። ስጨርስ፣ «እንዴት አድርገህ ነው የምትሠራው?» አሉኝ። የአሠራሩን ዝርዝር ነገርኳቸው።

«ዘይቱ ስንት ነው?»

ዝም አልኩ።

«እንጉዳዩስ ግድ የለም ልጄ፣ ብላው። ዘይቱን ተናዘዝ።»

ተናዘዝኩ። የተሰጠኝ ስግደት ከበላሁት ካሎሪ ጥቂቱን ሳያቃጥልልኝ አልቀረም።

አሠራሩን ካነሣን አይቀር፣ ያ ምግብ ቤት ያበላኝን ጥብስ ቤቴ ልድገም ብዬ ስነሣ ለረጅም ጊዜ ያወጣሁት ግራጫ ሾርባ ነው። የተቆረጠውን በሙሉ በአንድ ጊዜ መጥበሻው ላይ እዘረግፋለሁ፣ ጨው እነሰንሳለሁ፣ እከድናለሁ። ስከፍተው እንጉዳዩ በራሱ ውኃ ውስጥ ይዋኛል። ምድጃውን ወቀስኩ፣ መጥበሻውን ወቀስኩ፣ የመብራቱን መዋዠቅ ወቀስኩ። ሻጩንም «ውኃ ነክረህ ነው የምትሸጠው» ብዬ ነበር፤ ይቅር ይበለኝ። ውኃው የራሱ የእንጉዳዩ ነው፤ 92 ከመቶ ብለን የለ? ያ ውኃ ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ ደግሞ የመጥበሻው ሙቀት ከውኃ መፍያ አይዘልም። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች እኛ ዘንድ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ሥጋም ሆነ እንጉዳይ ቡናማ ሆኖ ያን የጥብስ መዓዛ የሚያወጣው ግን ወደ 140 ዲግሪ ሲጠጋና ሲያልፍ ነው። እኔ ግማሹን መንገድ ሳልሄድ ነበር ለእንግዳ የማቀርበው።

የሚሆነው እንዲህ ነው። ሰፊ መጥበሻ በደንብ ይጋላል። እንጉዳዩ ሳይነባበር ጥቂት ጥቂት እየተባለ ይገባል፤ ዘይት ገና ነው፣ ጨውም ገና ነው። መጀመሪያ ይንጫጫል፣ ከዚያ ያለቅሳል፣ ውኃውን ይጨርስና እንደገና መንጫጫት ይጀምራል። ጠርዙ ቡናማ ሲሆን ያን ጊዜ ዘይቱ ይግባ፤ ውኃውን አውጥቶ የተሰበሰበ እንጉዳይ ጥቂት ዘይት ይበቃዋል። ቀይ ሽንኩርቱ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ቃሪያው፣ የጥብስ ቅጠሉ ይከተላሉ፤ ጨው መጨረሻ ላይ። ለወጥ ከሆነ ቁሌቱን እንደ ወትሮው በርበሬና ሽንኩርት አቁላልቶ የተጠበሰውን እንጉዳይ ዘግይቶ መጨመር ነው። እዚህ ላይ እንጉዳይ ለእኔ ዓይነት ሰነፍ የተሠራ ነው፦ ካይቲን በሙቀት ስለማይፈርስ ድስቱን ረስቶ ስልክ የሚያወራ ሰው እንኳ እንጉዳዩን አያሟሟውም። ድንችና ዝኩኒ ስንት ጊዜ ገንፎ ሆነውብኛል፤ እንጉዳይ ግን ሁሌ ጠብቆኛል።

«እንጉዳይ አይታጠብም፣ ውኃ ይጠጣል» የሚለውንም በቤቴ ያወጅሁት እኔ ነኝ። አንድ ነጭ ቆብ የደፋ ወጥ ቤት በቴሌቪዥን ሲል ሰምቼ ነው። ቤተሰቤ በአዋጁ ምክንያት ለብዙ ጊዜ አፈር አኝኳል። በልጆቹ ጥርስ መካከል አሸዋ ሲንቀጫቀጭ ስሰማ «ማዕድን ነው» እል ነበር። እንጉዳዩን ከመታጠቡ በፊትና በኋላ የመዘኑ ሰዎች የጨመረው ክብደት እጅግ ትንሽ መሆኑን አረጋግጠዋል። ፈጠን አድርጎ ማጠብ፣ ማንጠፍጠፍ፣ መጥበስ፤ አለቀ። ጥሬውን ስለ መብላት ደግሞ የምለው አጭር ነው። በአንድ ትልቅ ሆቴል ግብዣ ላይ በስሱ ተቆርጦ ሰላጣ ውስጥ የገባ ጥሬ እንጉዳይ አየሁና ውጭ አገር የኖርኩ ለመምሰል ደግሜ አነሣሁ። እንጉዳይ ሳይበስል ለሆድ ይከብዳል፤ ነጩ እንጉዳይ ደግሞ ጥሬውን ሳለ አጋሪቲን የሚባል የማይወደድ ንጥረ ነገር አለው፣ ሲበስል ይቀንሳል። የዚያን ምሽት የቀረውን ንግግር ሳልሰማ ነው የወጣሁት።

ከዚህ ሁሉ ውርደት መሐል ምላሴን ነጻ የሚያወጣ አንድ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1908 ኪኩናኤ ኢኬዳ የተባለ ጃፓናዊ ኬሚስት የአገሩ ሰው መረቅ የሚያጣፍጥበት የባሕር አረም ውስጥ ግሉታሜትን አገኘና ያን ከጣፋጭ፣ ከጨው፣ ከኮምጣጣና ከመራራ የተለየ ጣዕም ኡማሚ አለው። ሥጋን ሥጋ ሥጋ የሚያሰኘው ጣዕም እሱ ነው፤ እንጉዳይም በብዛት አለው። ሺታኬ የሚባለው እንጉዳይ ሲደርቅ ደግሞ ጓኒሌት የሚባል ሌላ ቅመም ይወጣዋል፤ ከግሉታሜት ጋር ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ጣዕም ያጎላዋል። ስለዚህ ምላሴ «ሥጋ ነው» ሲለኝ ሙሉ በሙሉ አልቀጠፈም። ምላሴ የተናገረው ስለ ጣዕም ነበር፤ ወደ ፕሮቲን የተረጎምኩት እኔ ነኝ።

ይህን በሙያ ያወቀችው ባለቤቴ ናት፣ ኢኬዳን ሳትሰማ። በረንዳ ላይ አስጥቼ የረሳሁትን እንጉዳይ ቅርፊት ሆኖ አገኘችው። ከመጣል ብላ አድቅቃ፣ ሽሮው ሲንተከተክ አንድ ማንኪያ ጨመረችበት። እኔ ምኑንም ሳላውቅ ጎርሼ «ይኼ ነገር ጾም ነው?» አልኩ። በማግሥቱ እንግዳ መጥቶ ያንኑ ሽሮ አመስግኖ፣ አሠራሩን ጠየቀ። እሷ አፏን ከመክፈቷ በፊት «የእኔ ፈጠራ ናት» ያልኩት እኔ ነኝ። ከዘይቱም፣ ከቁጥሩም ይልቅ የምታሳፍረኝ ይህች ናት፤ ለአባም ገና አልነገርኳቸውም። እንጉዳይና ሽሮ ግን ሲገናኙ እውነትም ጋብቻቸው የሠመረ ነው፤ አንዱ ጣዕሙን፣ ሌላው ፕሮቲኑን ያዋጣል። ያ ሁሉ ዘመን እንጉዳዩን ከሽሮና ከምስር ጋር ሳፎካክር መኖሬ የእኔ ጅልነት ነው።

ገበሬ የሆንኩበት ዘመንም አለ። ኦይስተር የሚባለው እንጉዳይ የእርሻ መሬት አይጠይቅም፤ ጭድ፣ የቡና ገለባ፣ የጥጥ ፍሬ ተረፈ ምርት ይበቃዋል። ጭዱ ተቆራርጦ ከ65 እስከ 80 ዲግሪ በሚደርስ ሙቅ ውኃ ውስጥ ለአንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይዘፈዘፋል፣ ሌላው ሻጋታ እንዲሞት። ቀዝቅዞ ከተንጠፈጠፈ በኋላ በማሽላ ወይም በስንዴ ላይ ከተራባ ዘር ጋር በላስቲክ ከረጢት ይታሸጋል። ጥቂት ሳምንት ጨለማ ቦታ ይቀመጥና ጭዱን ነጭ ድር ሲሸፍነው ከረጢቱ ይቀደዳል፤ እርጥበትና ንጹሕ አየር ሲያገኝ በቀዳዳው በኩል ዘለላ ዘለላ ሆኖ ይወጣል። ወረቀት ላይ ከዚህ የቀለለ ሥራ የለም። እኔም በወረቀት ላይ ነው የጀመርኩት፤ ዘሩን ከመግዛቴ በፊት በትርፉ መኪና ገዝቻለሁ።

ዋናው ቁም ነገር ሙቅ ውኃው ላይ እንደሆነ ሠልጣኙ ሁሉ ይነገረዋል። እኔ ግን ያን ሁሉ ውኃ ማፍላት ታክቶኝ ከመታጠቢያ ቤቱ ማሞቂያ ለብ ያለ ውኃ ቀድቼ አፈሰስኩበት። ቴርሞሜትር አልነበረኝም፤ ክርኔን ነክሬ «ይበቃዋል» አልኩ። ከረጢቶቹ በነጭ ድር ፋንታ አረንጓዴ ለበሱ። ትሪኮደርማ ይባላል፤ እንጉዳይ አልሚዎች በዓለም ሁሉ የሚረግሙት ሻጋታ ነው፣ በደንብ ያልሞቀ ጭድ ሲያገኝ ቀድሞ ይወርሰዋል። አንድ ጎረቤት በሰርቪስ ቤቱ መስኮት አይቶ ምንድን ነው ሲለኝ «አዲስ ዝርያ» አልኩት። እንግዲህ አፍሪካ ውስጥ ምስጦች ወደ 30 ሚሊዮን ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ኩይሳቸው ውስጥ እንጉዳይ ሲያለሙ ኖረዋል። የሰበሰቡትን ደረቅ ቅጠልና እንጨት አኝከው አልጋ ያነጥፉለታል፣ አረም ሻጋታ ይጠብቁለታል፤ ዝናብ ሲመጣ ከኩይሳው ጎን ብቅ የሚለው ያ ተወዳጅ እንጉዳይ የእነሱ እርሻ ነው። ከእሱ ወገን የሆነው፣ ዛምቢያ ውስጥ የሚገኘው ትልቁ ዓይነት ባርኔጣው እስከ 1 ሜትር ይሰፋል። ቴርሞሜትር የላቸውም፤ ክርናቸውንም አይነክሩም።

ከዚያ ሁሉ ከረጢት አንዱ ተርፎ የሚያምር ዘለላ አወጣ። ሰው ከቤተሰቡ ጋር ይበላዋል ብላችሁ ይሆናል። እኔ በፌስታል ጠቅልዬ ቁም ሣጥን ውስጥ ደበቅሁት፣ ሁሉም ሲተኛ ብቻዬን ልጠብሰው። እንጉዳይ ከተለቀመ በኋላም ይተነፍሳል፤ በፌስታል ሲታፈን የተነፈሰው እርጥበት መልሶ ይበላዋል። በወረቀት ከረጢት ተደርጎ ፍሪጅ ቢገባ ቀናት ይቆያል። እኔ ግን በመጀመሪያው ሌሊት እንቅልፍ ጣለኝ፣ በሁለተኛው እንግዳ አመሸ፣ ከዚያ ጨርሶ ረሳሁት። ሽታውን ተከትላ ባለቤቴ ስትደርስ አተላ ሆኖ በሐበሻ ቀሚሷ ላይ ወርዶ ነበር። ቀሚሱ ነጭ ነው፤ ነጭ ነበር ልበል።

እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ የሚጎዳው ሆዴን፣ ስሜንና አንድ ቀሚስ ብቻ ነው። ይህኛው ግን ሰው ይገድል ነበር። ክረምት ገብቶ ዘመድ ጥየቃ ገጠር ወጥተን ሳለ ሜዳው ላይ እንጉዳይ ፈልቶ አገኘሁ። የአካባቢው ሰው የጅብ ጥላ ብሎ አልፎት ይሄዳል። እኔ፣ የእንጉዳይ ሊቁ፣ ጎንበስ ብዬ ለቀምኩ። «ምርመራም» አደረግሁ፦ ትል የበላው ስለሆነ ሰውም ይበላዋል አልኩ፤ የብር ቀለበት ነክቼበት አልጠቆረም፤ ነጭ ሽንኩርት አብሬ እቀቅልና ሽንኩርቱ ካልጠቆረ መርዝ የለውም ብዬ አወጅሁ። ቤት ሳመጣው ከቦንጋ የመጣች ጎረቤታችን ቆማ ነበር። እሷ የተወለደችበት የከፋ ምድር ሰው የዱር እንጉዳይ አውቆ ይበላል፣ የትኛው በየትኛው ዝናብ እንደሚወጣ ይለያል። ሰፌዱን አየችና፣ «ጋሼ፣ ይኼን ማን አሳይቶዎት ነው?» አለችኝ።

«አንብቤ ነው።»

«እኔ እናቴ ያላሳየችኝን አልነካም» አለችና ሰፌዱን ከእጄ ወስዳ ቆሻሻ ላይ ደፋችው። በቁጣ «አራት ኪሎ የሚሆን ፕሮቲን!» ብዬ ጮህኩ። ፕሮቲን! የእህቴ ልጅ ያስተማረችኝ ሁሉ በአንድ አፍታ ጠፍቶብኝ ነበር።

ያደረግሁት ምርመራ አንዱም አይሠራም። ለሰው መርዝ የሆነውን እንጉዳይ ቀንድ አውጣና ትል ያለ ሥጋት ይበሉታል፤ ብርም ሽንኩርትም መርዝ አያውቁም። በዓለም ላይ በእንጉዳይ ከሚሞተው ሰው አብዛኛውን የሚገድለው አማኒታ ፋሎይደስ የተባለው ዓይነት ሲሆን፣ ውስጡ ያለው አማቶክሲን ተቀቅሎም ተጠብሶም ደርቆም አይጠፋም። የበሉት ሰዎች ጣፋጭ ነበር ብለዋል። ሕመሙ የሚጀምረው ከ6 እስከ 24 ሰዓት ቆይቶ ነው፤ ማስመለሱና ተቅማጡ ጋብ ሲል ሰውየው የዳነ ይመስለዋል፣ በዚያው ጊዜ ግን ጉበቱ እየሞተ ነው። የሮሙ ንጉሠ ነገሥት ክላውዲየስ እ.ኤ.አ. በ54 የሞተው ከእንጉዳይ ማዕድ በኋላ መሆኑን የጥንት ጸሐፊዎች ጽፈዋል። ሌላ ደግሞ አለ፣ ለብቻው ሲበላ የማይጎዳ፣ በላዩ ላይ ጠጅ ወይም ቢራ ሲጠጣበት ግን ፊትን የሚያቀላ፣ ልብን የሚያስደልቅ፣ የሚያስመልስ፤ ከበሉት በኋላ ቀናት ቆይቶ የተጠጣ እንኳ ይቀሰቅሰዋል። እኔ ያን ቀን የለቀምኩት የትኛው እንደነበር ቆሻሻው ይዞት ሄዷል።

ከሱቅ የገዛችሁትን እጠቡ፣ በደንብ አብስሉ፣ ሽሮና ምስሩን ከአጠገቡ አታንሡ። በጾም ቤቴ የበላችሁ እንግዶቼም ከመቶ ሠላሳ ያልኳችሁን ወደ ሦስት አውርዱልኝ፣ ሽሮዋም የባለቤቴ ናት። ከሜዳ ያገኛችሁትን እንጉዳይ ግን «አንተ ታውቅበታለህ» ብላችሁ ወደ እኔ አታምጡ፤ የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ ከሌለ እዚያው በበቀለበት ተዉት።